አትወርውራት፣ ሸኛት!

የቤዝቦል ሜዳ ባለበት ሁሉ አጥር አለ፤ አጥር ባለበት ሁሉ ደግሞ በሕይወቱ አንዲት ኳስ በወጉ ወርውሮ የማያውቅ የአወራወር መምህር ተደግፎ ቆሟል። ይህን ለማወቅ ዕድሜ ልክ ፍልስፍና ማስተማር አያስፈልግም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አስተምሬ ያገኘሁት የማያጠራጥር እውነት ይህ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ተማሪዎቼ ተጠራጠሩት፤ ቆይቼ እኔም ተከተልኳቸው።

ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ያለችው ሰፈራችን በዚህ ረገድ አልተበደለችም። ክቡር ዶን ቴሌስፎሮ አሏት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካውን ጡሩምባ የሚያስጮኹት እሳቸው ነበሩ። ገመዱን ይስባሉ፣ ጡሩምባው ያጓራል፣ አገር ምድሩ ከአልጋው ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የለመደ ሰው ጡረታ ስለወጣ ብቻ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ዶሚኖ አይደረድርም። ስለዚህ ዶን ቴሌስፎሮ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፈው ሰው መቀስቀሳቸውን ቀጠሉ።

«ክርንህ! ክርንህ የት አለ ልጄ? ምሳ ሊበላ ሄደ እንዴ?»

እሳቸውስ ለምን አልወረወሩም? ይህን የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትከሻዬ ባይከዳኝ ኖሮ...» ንግግራቸው እዚህ ላይ ይቆማል፣ ዓይናቸው ወደ ሸንኮራው እርሻ ይሻገራል፣ እኛም ለቀስተኛ ይመስል አንገታችንን እንደፋለን። ትከሻው እንዴት እንደከዳ ግን እንደ ወቅቱ ይለያያል። በዝናብ ወራት ከሆነ፣ አውሎ ነፋስ ሊገነጥለው የነበረውን የቤተ ክርስቲያን በር ብቻቸውን ደግፈው ሲያድሩ ነው። በበጋ ከሆነ በቅሎ ረግጣቸው ነው። ባለቤታቸው አጠገባቸው ከሌሉ ደግሞ ነገሩ ውስጥ ሴት አለችበት። እኔ ሦስቱንም አምናለሁ። ሰው የሚያስፈልገውን ምክንያት በሚያስፈልገው ጊዜ ማግኘቱ አያስደንቀኝም።

ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ዘመን እውነተኛ ተማሪ አገኙ። ዊልኪን ይባላል፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ሲሆን ክንዱ ቁመቱን ቀድሞ ያደገ ነው። ሲወረውር ኳሷ ታፏጫለች። ችግሩ ወዴት እንደምትሄድ አለማወቁ ላይ ነበር። የመድኃኒት ቤቱን መብራት መትቷል፤ የቄሱን የልብስ ማስጫ ገመድ በጥሷል፤ አንዴ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ በሰላም ትሄድ የነበረች ፍየል መትቶ፣ ባለቤቷ እስከ ዛሬ ፍየሏ ሜዳውን ስታይ ታለቅሳለች ይላል። ኳሱን እንዲይዝለት የሚመደበው ልጅ ከጓንት ይልቅ ፈረስ ያስፈልገው ነበር።

ልጁን ማንም ሊስቅበት ይችል ነበር፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አባቱና ወንድሞቹ ሸንኮራ ቆራጮች ናቸው። ለእሱም ገጀራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። በዚያ ዓመት ከዋና ከተማው አንድ መራጭ መጥቶ ከሰፈራችን አንድ ወርዋሪ ብቻ ይዞ ወደ ማሠልጠኛ እንደሚመለስ ተነገረ። ዊልኪን ወይ እሱ ይሆናል፣ ወይ ገጀራውን ያወርዳል።

ዶን ቴሌስፎሮ ከአጥሩ ተነቅለው ወደ ሜዳው የገቡት ያን ጊዜ ነው።

«ለምንድን ነው ኳሷን የምትጥላት?» አሉት።

«አልጣልኳትም፣ ወረወርኳት እንጂ።»

«ያው ነው። ለመሆኑ እናንተ ቤት እንግዳ ተነስቶ ሲሄድ በሩን በላዩ ላይ ትጠረቅማላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እስከ የት ትሸኙታላችሁ?»

«እስከ... አስፋልቱ።»

«እና ኳሷ ምን በደለች? አትወርውራት፣ ሸኛት! እጅህ አብሯት ይውጣ። ደህና ግቢ በላት፤ ከዚያ ተመለስ።»

ፈገግ አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከእጃችን ስለሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ስለ ቃልም ስለ ልጅም፣ ስንት ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ከወጣ በኋላ የእኛ አለመሆኑን ሁሉም ይስማሙበታል። ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ያቺን ትንሽ መንገድ አብሮ መሄድ እንደሚቻል የነገረኝ ግን ጡሩምባ ነፊ ነው። ተናድጄ ተኛሁ።

በማግስቱ ዶን ቴሌስፎሮ በሬን አንኳኩ።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬ መቺ አንተ ነህ። መጥረጊያህን ያዝና ና።»

«ሰባውን አልፌያለሁ እኮ!»

«ስለዚህ አትንቀሳቀስም። ደግሞ ልጁ ቢስትህ እንኳ ብዙ የሚጎዳ ነገር የለህም።»

እንዲህ ሆኜ፣ የቤት መጥረጊያ ዘንግ ትከሻዬ ላይ አድርጌ የሳይንስ መሞከሪያ ሆንኩ። ልጁ መጀመሪያ የውሃ ጀሪካን ክዳን ወረወረብኝ፤ ክዳን ነፋስ እንደፈለገ የሚጫወትባት ክፉ ፍጥረት ስለሆነች፣ «እሷን ያሳመነ ኳስን ያሳምናል» ብለዋል መምህሩ። ቀጥሎ ጣቱ ገርነትን እንዲማር ጥሬ እንቁላል ወረወረ። ስለዚያ ቀን ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል፤ ኮፍያዬ ጥሩ ኮፍያ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተወዛዋዥ ወንበር መጣ። ዊልኪን ተቀምጦ ይወዛወዛል፣ ወንበሩ ወደ ፊት ሲያጋድል ይወረውራል፤ ሰውነቱ ክንዱን መከተል እንዲለምድ ነው አሉ። የሁሉም የበላይ ግን ሳንኮቾ የምንለው ሾርባችን ነበር። ልጁ ግራ እግሩን እስከ ደረቱ አንስቶ፣ በቀኙ ብቻ ቆሞ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ትኩስ የሥጋ ሾርባ ጠብታ ሳያፈስ ይጨርሳል። ያፈሰሰ ዕለት ይደገምለታል። ዊልኪን በዚያ ወር ወፈረ።

አንድ ቀን በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ የክርስትና እናቱ ዶኛ ፕሩደንሲያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አለፉ። በእኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን አይቶ ቡራኬ ሳይጠይቅ ካለፈ፣ አሳዳጊው ሰው ፊት አይቆምም። ዊልኪን ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ፣

«ይባርኩኝ፣ እማዬ ፕሩደንሲያ!»

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ የኔ ልጅ!» ብለው ጀመሩ። ጀመሩ ነው የምለው። የሌላ ሰው ምርቃት እዚህ ላይ ያበቃል፤ የዶኛ ፕሩደንሲያ ግን ከፈጣሪ ተነስቶ፣ ቅዱሳኑን በየስማቸው ጎብኝቶ፣ በልጁ ጥርስ፣ በእናቱ ወገብና በሚቀጥለው ዝናብ በኩል አድርጎ ነው የሚወርደው። መሐል ላይ ማቋረጥ የሚታሰብ አይደለም። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ የልጁ እግር ግን አልወረደም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። መራጩ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የማይስቅ፣ የማይቀመጥ ሰው ነበር። ለእኛ ቡድን የሚወረውረው ዊልኪን ነው፤ ለተጋጣሚው የሚወረውረው ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ አዲስ ጫማ ያደረገ። ዶን ቴሌስፎሮ ተወዛዋዥ ወንበራቸውን ተሸክመው መጥተው ከአጥሩ ኋላ ተቀመጡ። ቂው... ቂው... ይላል ወንበሩ። ዊልኪን በዚያ ድምፅ ይወረውራል፤ ኳሷም፣ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ተሸኝታ ትሄዳለች። አንድም ፍየል አልተነካም።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ መጨረሻው ላይ ደረስን። ተጋጣሚዎቻችን ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ አላቸው፤ እሱ «ቤት» ወደሚባለው የመጨረሻ ቤዝ ከገባ ያሸንፋሉ። አንድ ሕግ ልብ በሉልኝ፤ ቤዝ ላይ ሯጭ እያለ ወርዋሪ መወርወር ከጀመረ ማቋረጥ አይፈቀድለትም። ካቋረጠ ሯጩ በነፃ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ዶኛ ፕሩደንሲያን አያውቋቸውም።

ዊልኪን ግራ እግሩን እስከ ደረቱ አነሳ። በዚያችው ቅጽበት አጥሩ ጥግ ላይ አንድ ጃንጥላ ተከፈተ።

ልጁ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ወደ መቺው፣ ዓይኑ ወደ ጃንጥላው። ተጋድሎውን ፊቱ ላይ አየሁት፤ በአንድ በኩል ማሠልጠኛው፣ በሌላው በኩል አስተዳደጉ።

«ይባርኩኝ፣ እማዬ ፕሩደንሲያ!»

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ የኔ ልጅ!...»

ዳኛው እጁን አነሳ። «አቋርጧል!» ሯጩ በእግሩ እየተንሸራሸረ ገባ። ተሸነፍን። ዶኛ ፕሩደንሲያ ገና ሐዋርያቱን አልጨረሱም ነበር።

ዶን ቴሌስፎሮ ወንበራቸውን እንደያዙ ሜዳው ላይ ዘለቁ። «አንተ ዳኛ! አሳዳጊ የለህም?»

ክፋቱ፣ ዳኛው አሳዳጊ ነበረው፤ ዶኛ ፕሩደንሲያ የገዛ አክስቱ ናቸው። ጠጋ ሲሉ ቆቡን አወለቀ። «ይባርኩኝ፣ አክስቴ።»

«ይባርክህ። ልጁ ምን አጠፋ?»

«አቋረጠ፣ አክስቴ።»

«እኔን አይቶ ዝም ቢል ኖሮስ ምን ትለው ነበር?»

«ባለጌ።»

«ታዲያ?»

«ባለጌ ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር፣ አክስቴ። ሕጉ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሁሉም በአንድነት ይጮህ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ጫማውን እየጠራረገ ሻንጣውን ሊያሰናዳ ተነሳ። እኔ የማየው ግን መራጩን ነበር። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ወደ መሐል ሜዳ እያፈጠጠ ነው። እኛም ዞር ብለን አየን።

ዊልኪን አሁንም በአንድ እግሩ ቆሟል። ዶኛ ፕሩደንሲያ ለክርክሩ ብለው አቋረጡት እንጂ ምርቃታቸውን ገና አልጨረሱማ! እግሩ ደረቱ ላይ፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ፣ ሰውነቱ እንደ ተተከለ ምሰሶ።

«ይህን ማን አስተማረው?» አለ መራጩ።

«ሳንኮቾ» አልኩ፤ ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

«ክንድ ያለው ልጅ በየመንደሩ ሞልቷል። እንዲህ የሚቆም ግን አላየሁም። እሱን ነው የምወስደው» ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ ዶኛ ፕሩደንሲያ ዞሮ፣ «እባክዎ እናቴ፣ ይጨርሱለትና እግሩን ያውርድ» አለ።

ዊልኪን የሄደ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ አውቶቡሱ ዘንድ ወጣ፤ ዶን ቴሌስፎሮ አልወጡም። ስመለስ ባዶው ሜዳ ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ አገኘኋቸው። ወንበሩ አይወዛወዝም። እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ለጓደኛ ይከብዳል።

«ሸኘኸው?» አለኝ።

«ሸኘሁት። እጄንም አውለበለብኩለት።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አሳየሁት።

«ከክርንህ ነው እንዴ ያውለበለብከው? ከዳሌ ነው እንጂ! ልጁ ምን ይላል አሁን?»

አጥሩ ሥር የተውኩትን መጥረጊያዬን አንስቼ መቺው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ለምን እንዳደረግኩት ብጠየቅ ምክንያት የለኝም፤ ባለ ምክንያቱ እሱ ነው። ቴሌስፎሮ ብዙ አየኝ። ከዚያ ተነሳ፣ መሬት ላይ የቀረች ኳስ ፈልጎ አነሳ፣ ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ወጣ፣ እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገና ሸኛት።

ኳሷ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ወደቀች። አቧራው ላይ እየተንከባለለች፣ አንዴ ቆም ብላ እያሰበች፣ መጥታ በጫማዬ አጠገብ ልታልፍ ሆነ። እንዲህ ያለችውን ኳስ ሕፃን ልጅ በእርግጫ ይመታታል።

ባለኝ ጉልበት ሁሉ ዘንጌን ወዘወዝኩ፤ ሳትኳት።

ቴሌስፎሮ ትከሻውን በግራ እጁ እያሻሸ፣ ዓይኑን ወደ ሸንኮራው አሻገረ።

«አየህ ፕሮፌሰር? ባይከዳኝ ኖሮ...»

ኮፍያዬን አወለቅኩ።