የጋሽ ታደለ ንስር

እርሳስ የሚሰበስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሚጻፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ብረቱን ነው። የጥንት ሮማ ነጋዴዎች ዕቃቸውን አስረው፣ ማንም እንዳይፈታው ቋጠሮው ላይ በእርሳስ ያትሙበት ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሾርላይን ከተማ የሚኖሩት ጋሽ ታደለ ይህን ማኅተም በኦንላይን እየገዙ ይሰበስባሉ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ አንዷን ከኪሳቸው ያወጡና «ምን ይታይሃል?» ይላሉ። ምን ይታየኛል? ታኝኮ የተጣለ ማስቲካ! ግን ሰላም ስለምወድ «ንስር ነው» እላለሁ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቸኝነቱ ጎድቷቸዋል። ስለዚህ እኔና ሚስቴ እንደሳቸው ብቻቸውን ከሚኖሩት ከእትዬ አልማዝ ጋር ምሳ ጋበዝናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እርሳሱን ቤት ይተዉት» ብዬ ለመንኳቸው።

«ኦኬ» አሉ። ምግቡ ሳይቀርብ ማኅተሟ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች።

«የሮማ ንስር ናት» አሉ በኩራት።

እትዬ አልማዝ መነጽራቸውን አድርገው፣ አገላብጠው አዩዋት። «ኧረ ዶሮ ናት!»

ሚስቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«የሮማ ነጋዴ በዶሮ ያትማል እንዴ?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ዶሮ ከሸጠ ምን ያድርግ?»

ጋሽ ታደለ ማኅተሟን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ከልቡ አይቶ የተከራከራቸው ሰው አልነበረም። ዞር ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

«ቤት ሌሎችም አሉኝ። መጥተው ያዩልኛል?»

«እመጣለሁ» አሉ እትዬ አልማዝ፤ «ንስር ካልሆነ ግን ንስር ነው አልልም።»

ከፋሲካ በኋላ ዳርናቸው።