ሠርግና ጉብኝት በቃሊቲ

በዚህ አገር ጤነኛ ሰው ሁለት ጊዜ ያብዳል። አንዴ ቤት ሲሠራ፣ አንዴ ልጅ ሲድር። እኔ ቤት አልሠራሁም፤ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ነው የምኖረው። ስለዚህ የቤቱንም እብደት ሳልነካው አስቀምጬ ቆየሁና ሁለቱንም በአንድ ላይ በልጄ ሠርግ ተጠቀምኩበት።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ቢኒያም ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ጫማቸውን አውልቀው የሚጋቡ ሙሽሮች ያሳየኝ ዕለት ነው።

«ምን ሆነው ነው ጫማ የሌላቸው?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ዴስቲኔሽን ዌዲንግ ይባላል። ሰዉ ከያለበት ተጉዞ ይመጣል። ሠርጉንም ይበላል፣ በዚያው አገርም ይጎበኛል። እኔና ትዕግሥት እንደዚህ ነው የምንፈልገው።»

ትዕግሥት እጮኛው ናት። የመንዝ ልጅ ናት፤ እኛ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና ስትሠራ ነው የተዋወቁት። እኔ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር አይስማማኝም፤ አቃቂ ወንዝን ሳይ ራሱ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ድልድዩን የምሻገረው (አፍንጫዬንም ይዤ)።

«ቆይ እስኪ» አልኩት። «የትዕግሥት ዘመዶች ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከመንዝ።»

«ከመንዝ ለሚመጣ ሰው ቃሊቲ ተጉዞ የሚደርስበት አገር አይደለም?»

«ነው፣ ግን...»

«ግን ብሎ ነገር የለም። የሚጎበኝ አጣን? ባቡሩ አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ መጋዘኑ አለ...»

ልጄ እናቱን አየ። እናቱ ጣሪያውን አየች። ትዕግሥት ግን ሳቀችና «እኔ ደስ ይለኛል፤ አባቴ ባቡር አይቶ አያውቅም» አለች። ቀጥላም አንድ ነገር ቆረጠች፦ አባቷ መጥተው፣ ቆመው ካልመረቋት ሠርግ የሚባል ነገር የለም። ባሕሩም ይቅር፣ ቬሎውም ይቅር፣ የአባቷ ምርቃት ግን አይቀርም። እኔም አባቷን የማምጣቱን ኃላፊነት ተቀብዬ፣ ራሴን በራሴ የጉብኝት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጌ ሾምኩ። የተቃወመ አልነበረም፤ ሌላ አባልም አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ትንሽ ላጫውታችሁ። እኛ ቃሊቲዎች ከወህኒ ቤት ጋር ተጎራብተን ስለምንኖር፣ ነፃ ሰው መሆናችንን ማስረዳት ያለብን እኛው ነን። ሌላ ሰፈር ሄዳችሁ «ከቃሊቲ ነው የመጣሁት» በሉ እስኪ፤ «መቼ ተፈታህ?» ነው የምትባሉት። እኔማ አንዴ ጥርስ ሐኪም ቤት እንዲህ ብዬ ተናግሬ፣ ወረፋውን በሙሉ ለቀውልኛል። ቂሊንጦም ያው ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፣ ፍርድ ያላገኘ እስረኛ የሚቆይበት እስር ቤትም አለው፤ ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ግን እስር ቤቱን ነው። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ ስልክ ያነሳሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ... የኔ አፍ እኮ ድሮም መኖሪያው አፋፉ ላይ ነው።

የትዕግሥት አባት ጋሽ ግዛው ይባላሉ። ሽማግሌ ልከንባቸው «ልጄን ሰጥቻለሁ» ብለውናል። በወጉ መሠረት ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድምና ልጄን በዓይናቸው አላዩትም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ መሽቶባቸው፣ የልጁን ሥራ ሳይናገሩ ነው የተመለሱት። ቢኒያም ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ፣ በቅርቡ ቃሊቲ ወዳለው የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ሆኖ የተዛወረ ልጅ ነው። የሚጠብቀው ሳሙና ነው። እኔም ይህንኑ በኩራት ልናገር ደወልኩ።

«ለመሆኑ ልጁ የት ነው ያለው?» አሉኝ ጋሽ ግዛው፣ ከሰላምታ በኋላ።

«ቂሊንጦ ነበር። ሦስት ዓመት እዚያ ቆይቶ፣ አሁን ወደ ቃሊቲ አዛውረውታል።»

ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ቃሊቲ... ተወሰነ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ደብዳቤው ደርሶታል።»

«እግዜር ያውቃል። ጠባዩስ?»

«ጠባዩማ የተመሰከረለት ነው። ጠባዩን አይተው እኮ ነው በሌሎቹ ላይ ኃላፊ ያደረጉት።»

«ተመስገን።»

«ሠርጉም እዚሁ ቃሊቲ ነው። እናንተ ግን ቅዳሜ ቀደም ብላችሁ ብትገቡ ጥሩ ነው፤ ጉብኝት አለ።»

«ያስገቡናል?»

«እኔ እያለሁ ማን ይከለክላችኋል!»

«ምን ይዘን እንምጣ?»

«ኧረ ምንም። ብቻ ሌሊት ሌሊት ይበርዳልና የሚለበስ ነገር አይጥፋ።»

«ገባኝ» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

እናንተም ገብቷችኋል። ያልገባኝ እኔ ነኝ። ለእኔ ጉብኝት ማለት ባቡርና ፋብሪካ ማየት ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ እስረኛ ማየት። እኔ ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ «ሰውዬው በጉብኝቱ ልባቸው ተነካ፤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው» አልኳት። ትዕግሥትም በበኩሏ ደውላ «አባዬ፣ ጉብኝቱ እንዳያመልጥህ» ብላ ነገሩን ማኅተም መታችበት።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፣ አስጎብኚ የድምፅ ማጉያ እንደሚያስፈልገው ትዝ ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከታች ፎቅ በየሰፈሩ እየዞረ የአይጥ መድኃኒት የሚሸጥ ጎረቤት አለኝ፤ የሱን ማይክ ተዋስኩ። ትንሽ ቆይቶ ከመንዝ የመጣው ቅጥቅጥ አይሱዙ ደረሰ። ጭፈራ የለ፣ እልልታ የለ። ጋሽ ግዛው ቀድመው ወረዱ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ የትዕግሥት አክስት እማማ በለጡ። የያዙት ደግሞ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሳሙና፣ እና ሁለት ሰው ተጋግዞ ያወረደው ወፍራም የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና። ለሳሙና መጋዘን ኃላፊ ሳሙና ማምጣታቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

ጋሽ ግዛው አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ።

«አይዞዎት። በሰው የማይደርስ የለም» አሉኝ።

ሠርግ ለማለት መሰለኝ። «አሜን፣ ለእርስዎም እንዲሁ» አልኩ። «ምሳ እናስቀድም ወይስ ጉብኝቱን?»

«ጉብኝቱን። እሱን ሳናይ እህል አይወርድልንም።»

እንዲህ ያለ አገር ጎብኚ የት ይገኛል? ወደ ቀላል ባቡሩ መጨረሻ ወሰድኳቸው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ የማይኩን ቁልፍ ስጫን፣ ከኔ ድምፅ በፊት ጎረቤቴ የቀዳው ድምፅ ወጣ፦ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!»

እማማ በለጡ ደነገጡ። «ትኋንም አለበት?»

«የት፣ መጋዘኑ?»

«ልጁ ያለበት።»

«ድሮ ነበር እማማ፤ አሁን መድኃኒት ያስረጩበታል።»

ሴትዮዋ ሰማይ ሰማይ እያዩ አመሰገኑ። እኔ ቀጠልኩ፦ «እንግዲህ ባቡሩ ከዚህ አልፎ አይሄድም። መጨረሻው ይኸው ነው።»

ጋሽ ግዛው ሐዲዱን ትኩር ብለው አዩት። «እዚህ የደረሰ አይመለስም?»

«ይመለሳል እንጂ፣ ተራውን ጠብቆ።»

«ተራ ካለው ደግ ነው» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ሽቦ የተጠመጠመበት አንድ የፋብሪካ አጥር ሥር አቆምኳቸው። «ከዚህ ግንብ ጀርባ ቀንም ሌሊትም ሥራ ነው» ስላቸው አንደኛው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሌላው «ሌሊትም ያሠሯቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። «በፈረቃ ነው» አልኳቸው። ለሰፈሬ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅምና ደረቴ ተነፋ።

የጉብኝቴ ዘውድ ግን መጨረሻው ነበር። ሙሽራውን ሥራ ቦታው ላይ ላሳያቸው አስቤአለሁ። መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀ። እንግዶቼ ማንም ሳይነግራቸው ተሰለፉ፣ ወንዶቹ ቀበቶ ፈቱ። ለካ ከመነሳታቸው በፊት አገራቸው ታስሮ የወጣ ሰው አማክረው ኖሯል። እማማ በለጡ ደግሞ ዘበኛው ፊት ቆመው ከበሶውም፣ ከዳቦ ቆሎውም እየዘገኑ ይቀምሳሉ።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ዘበኛው።

«እየቀመስኩልህ ነዋ፤ መርዝ የለውም።»

በዚህ መሃል ቢኒያም ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ወጣ። እንግዶቹ ሲያዩት አለቀሱ። ጋሽ ግዛው ባናውን ዘርግተው ትከሻው ላይ ጣሉበት፤ ልጄ ከክብደቱ የተነሳ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። የመንዝ የሠርግ ባህል መስሎት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ምግብስ ይሰጧችኋል?» አሉት።

«አዎ አባባ፣ ግቢ ውስጥ ካፌ አለን።»

«ካፌ አሉ» አሉ እማማ በለጡ ለሽማግሌዎቹ።

«ለሠርግህስ እንዴት ልትመጣ ነው?»

«ፈቃድ ወስጃለሁ።»

«ያለ ጠባቂ?»

«ብቻዬን ነኝ አባባ። ፈቃዱ ሲያልቅ ተመልሼ እገባለሁ።»

ጋሽ ግዛው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? ጨዋ ማለት ይህ ነው። በፈቃዱ ወጥቶ በፈቃዱ ይገባል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመውጣት ስንት ይቀርሃል?» አሉት።

«ለጡረታ? ኧረ ገና ነኝ። ግን ወድጄው ነው ያለሁት።»

እማማ በለጡ ግድግዳ ተደገፉ። ጋሽ ግዛውም ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ እኔ መጡ።

«አቶ መኮንን፣ አሁን ባለደሞቹን ይጥሩልን።»

«የምን ባለደም?»

«የሟች ወገን ነዋ። ሽማግሌ ይዤ የመጣሁት ለዚህ አይደል። እርቅ ሳይወርድ ሠርግ አንበላም።»

«ማን ሞቶ?»

«እሱንማ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጅዎ የገደለው። ሦስት ዓመት ቂሊንጦ ቆይቶ ቃሊቲ የሚወርድ በደም እንጂ በሌላ አይደለም።»

ዘበኛው መጀመሪያ ገባው። አፉን በኮፍያው ይዞ ከበሩ ጀርባ ተሰወረ። እኔ ደግሞ ባናውን አየሁ፣ የተፈቱትን ቀበቶዎች አየሁ፣ በስልክ ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ሳሙናው እየተንተባተብኩ አስረዳሁ።

ጋሽ ግዛው የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጡ። «አልታሰረም?»

«አልታሰረም።»

«ማንንም አልገደለም?»

«አንዴ ቀይ መብራት ጥሼ ትራፊክ ቀጥቶኛል» አለ ልጄ፣ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ያዘነላቸው ይመስላል።

ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ተሰድበዋል። በአገራቸው ፊት አማቻቸው እስረኛ ነው ተብሎ፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ስንቅ ይዘው ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘዋል። ተነስተው ወደ መኪናቸው ቢገቡ ምን እላለሁ? ትዕግሥት ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም። ልጄ ሚስቱን የሚያጣው በኔ ምላስ ነው።

«ጋሽ ግዛው» አልኳቸው፣ «ነፍሰ ገዳይ ነው ብለው እያሰቡ... እንዴት መጡ?»

«ቃሌን ሰጥቼ ነበራ» አሉ። «እርስዎ የደወሉልኝ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ልጄን ልጠይቃት አስቤ ነበር። ኋላ፣ ካልነገረችኝ ከብዷት ነው ብዬ ተውኩት። እሷ እንዲህ የወደደችውን ሰው እኔ ምን ቤት ነኝ የምጠላው? በብርድ እንዳይሞትባት ባናውን ያዝኩና መጣሁ።»

እዚህ ላይ ቀልዱ ጥሎኝ ጠፋ። እኔ ብሆን ኖሮ ስልኩን ዘግቼ ቁጥሬንም እቀይር ነበር። አፈርኩ። ልጄ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሊገባ በመሆኑ ደግሞ ደስ አለኝና ዕንባዬ መጣ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀና አደረጉኝ፤ ፊታቸው ግን አሁንም አልፈታ አለ።

«አሁንማ ብሶ አረፈው» አሉ።

«ምኑ ነው የባሰው?»

«ይኼ ልጅ ከሥራ ወጥቶ የት ይሄዳል?»

«እንደ ፍላጎቴ ነው አባባ...» አለ ቢኒያም። እግሩን ረገጥኩት። «በቀጥታ ወደ ቤት» አለ።

«አይ» አሉ ጋሽ ግዛው ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እስር ቤት ነው ስባል ልቤን ያሳረፈው አንድ ነገር ነበር። እዚያ ሲመሽ ቆጠራ አለ። ሰው የት እንዳደረ ይታወቃል። ይኼን እንዲህ የተለቀቀውን ማን ይቆጥርልኛል?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና «ግድ የለም፣ እኔው እቆጥረዋለሁ» ብለው ተነሱ።

በማግሥቱ ሠርጉ ሆነ። ጋሽ ግዛው ቆመው መረቁ፤ አሜን ስንል ድምፃችን ተዘጋ። ትዕግሥት እያለቀሰች እየሳቀች ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ ባቡር ተሳፈረ። ጉብኝቱም የተዋጣለት ነበር ብዬ ለራሴ ኮሚቴ ሪፖርት አቀረብኩ።

ቆጠራውን ግን ቀልድ መስሎን ነበር። ይኸው ከሠርጉ ወዲህ ሲመሽ የቢኒያም ስልክ ይጮኻል። «ገብተሃል?» ይሉታል። «ገብቻለሁ አባባ።» «እስኪ ትዕግሥትን ስጠኝ። ገብቷል?» «ገብቷል አባዬ።» ከዚያ መርቀው ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ኳስ ሊያይ ወጥቶ፣ ባትሪው ሞቶበት አመሸ። ራት ላይ ሳለሁ የኔ ስልክ ጠራ።

«አቶ መኮንን» አሉ ጋሽ ግዛው ረጋ ብለው፣ «አንድ ሰው ጎድሎብኛል። እስኪገኝ የቃሊቲን በር ያዘጉልኝ።»