ከሁለቱ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ለጨዋታ የሚሻለው የትኛው ነው?

የሰው ልጅ በታሪኩ ብዙ ከባድ ጥያቄዎችን መልሷል። በናዝሬት ከተማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ቀበሌ ግን ሌሎች ሕዝቦች ሊያስቡት እንኳ ያልደፈሩትን ጥያቄ በአንድ ክረምት ለመመለስ ቆርጦ ተነሣ። ጥያቄው፣ «ከሁለት አሮጌ ቴሌቪዥኖች ለጨዋታ የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ የወጣቶች ልዑክ ወደ ላንጋኖ ሲያልፍ ቀበሌውን ጎበኘና ለወጣት ማኅበሩ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሣጥን ትቶ ሄደ። ሣጥኑ በሽቦ የተንጠለጠሉ ሁለት መዘውሮች አሉት። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ መስተዋቱ ላይ ሁለት ነጫጭ ዘንጎችና አንዲት ነጭ ነጥብ ይወጣሉ። መዘውሩን የያዘ ሰው ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ነጥቧን እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ይመልሳታል፤ ያመለጠችው ይሸነፋል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለየሱስ ግን «ሌላ ነገር የለውም» የሚባል ነገር አይወዱም። ሣጥኑን በተረከቡበት ዕለት ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ «ይህች ነጥብ ተራ ነጥብ አይደለችም! የወጣቱን ንቃት የምታጎለብት፣ ኢምፔሪያሊዝምን በመጣበት የምትመልስ ነጥብ ናት!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «ቴሌቪዥኑስ?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሌው ቴሌቪዥን አልነበረውም። ሊቀመንበሩም አልነበራቸውም። በሠፈሩ ቴሌቪዥን ያለባቸው ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው የልብስ ሰፊው የጋሽ መርዳሳ ሱቅ ነው፤ የእሳቸው ቀይ ፕላስቲክ የለበሰች፣ እንደ ፌንጣ ሁለት ቀንድ ያላት ትንሽ ቴሌቪዥን ናት፤ ሱሪው ያልደረሰለት ደንበኛ እሷን እያየ ይታገሣል። ሁለተኛው የወይዘሮ ዘመናይ ቤት ነው። የእሷ ባለ አራት እግር፣ ተንሸራታች የእንጨት በር ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ባሏ ነጋሳ፣ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ግሪክ ነጋዴ ነበር የገዛው።

ቀበሌው በቸርነቱ የሰው ንብረት አይወርስም፤ ይዋሳል። የተዋሰውን ደግሞ እስኪመልስ ድረስ በጥንቃቄ ያስቀምጣል። አምና ለአንድ ስብሰባ የተዋሰው ትልቅ ብረት ድስት፣ ስብሰባው በመሠረተ ሐሳብ ደረጃ ገና ስላልተዘጋ፣ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ዘመናይ ቀበሌው ከሁለቱ ቴሌቪዥኖች አንዱን ሊዋስ ነው የሚለውን ወሬ እንደ ሰማች ደነገጠች። እርግጥ ቶሎ የምትደነግጥ ሴት ናት። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ትምህርቱም በዓለም ላይ ምን ያህል ዓይነት አደጋ እንዳለ ለማወቅ ረድቷታል። ነጋሳ ካመሸ መኪናው አዋሽ ድልድይ ላይ ተገልብጧል። ልጅ ካሳለ ሳንባው ነው። በር ከተንኳኳ ቴሌግራም ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ለእሷ መዝናኛ አልነበረም። ማታ ማታ ሦስቱን ልጆቿን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅላት ዘበኛ ነበር። ትልቁ ልጇ ጢም ማብቀል ጀምሯል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጢም ያበቀለ ልጅ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መገኘቱ ለየትኛዋም እናት እንቅልፍ አይሰጥም። ቴሌቪዥኑ ከሄደ ልጆቹም ከምንጣፉ ይነሣሉ፤ ከተነሡ ይወጣሉ፤ ከወጡ በኋላ የሚሆነውን ዘመናይ እስከ ቀብሩ ድረስ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው።

በማግስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጋሽ መርዳሳ ሱቅ ሄደች።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ መርዳሳ?»

«ነጋያ፣ ነጋያ! ግቢ፣ እትዬ ዘመናይ። እኔ ራሴ ልመጣ ነበር።»

«ለምን?»

«እንኳን ደስ ያለሽ ልል። ያ የእናንተ ቴሌቪዥን ተመረጠ አሉ።»

«ማን አለ? የእርስዎ ነው እንጂ የተመረጠው! እንዲህ ያለች ጥርት ያለች ቴሌቪዥን እያለች የኔን ግንድ ማን ያያል?»

«ያ ዋቃዮ!» ጋሽ መርዳሳ መቀሱን አስቀመጡ። «ይቺን ነው ጥርት ያለች የምትዪው? ዜና አንባቢው መነጽር ያድርግ አያድርግ ለይቼ አላውቅም። የእናንተ ግን ፊቱ ሰፊ ነው፤ ሕዝብ ያስተናግዳል።»

«ሰፊ ነው እንጂ ምን ያደርጋል? ለመሞቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የእርስዎ ግን ገና ሲነኳት ቦግ!»

«ቦግ ትልና ድርግም ትላለች።»

«አይ፣ ትሕትናዎ ነው።»

«የኔ ትሕትና? የአንቺ እንጂ!»

በከተማው ታሪክ ሁለት ጎረቤታሞች እንዲህ በፍቅር ተመሰጋግነው አያውቁም። ሱሪውን ሲጠብቅ የነበረው ደንበኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ «ሶሻሊዝም ሰውን ይለውጣል የሚሉት ለካ እውነት ነው» እያለ ነበር።

ከሁለቱ የሚሻለውን የሚመርጥ የንጽጽር ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ። ሰብሳቢው ጓድ ኃይለየሱስ ሲሆኑ፣ የቴክኒክ ባለሙያው ጓድ ሰብስቤ ነው። ሰብስቤ ይህን ያህል ኃላፊነት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ሲቀድ ኖሯል። ሥራው ደጅ ላይ ስለሆነ ገብቶ ፊልም አይቶ አያውቅም፤ ይህም ከወገናዊነት የጸዳ አስተያየት እንዲሰጥ አስችሎታል።

መጀመሪያ የሄዱት ዘመናይ ቤት ነው። እሷ ግን ቀድማቸዋለች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መዘውር ጠምዝዛ ሥዕሉን ለሁለት ከፍላዋለች። ሣጥኑ ተያያዘ፤ ቴሌቪዥኑ ሞቀ፤ መስተዋቱ ላይ አራት ዘንጎችና ሁለት ኳሶች ብቅ አሉ። ዘመናይ በልቧ ተመስገን አለች።

«አያችሁ?» አለች፣ አዝና። «አንዱን ሁለት ያደርገዋል። እንዲህ ነው ሁልጊዜ።»

ጓድ ኃይለየሱስ ወደ መስተዋቱ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ዓይናቸው አበራ። «ሰብስቤ፣ ሣጥኑ ሲሰጠን ስንት ኳስ ነበረው?»

«አንድ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

«ይኸ ነው ምርታማነት ማለት! አንድ ኳስ አስገብቶ ሁለት የሚያወጣ ቴሌቪዥን በመላው ሸዋ አለ?»

«እኔ አላየሁም» አለ ሰብስቤ፤ እውነቱንም ነበር።

ዘመናይ ግድግዳውን ተደገፈች።

ጋሽ መርዳሳ ሱቅ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ጋሽ መርዳሳም ከጀርባ ያለ መዘውር መጠምዘዝ ያውቃሉ። የእሳቸው ሥዕል ግራና ቀኙ ከመስተዋቱ ውጭ እስኪፈስ ተለጥጧል። ኳሷ ወደ ጠርዙ ትሄድና ትጠፋለች፤ ቆይታ ትመለሳለች።

«የት ነው የምትሄደው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሽ መርዳሳ።

«ድንበር አቋርጣ ነው የምትወጣው?»

«እንግዲህ... ትመለሳለች።»

«ምን ይዛ?»

ጋሽ መርዳሳ ላባቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉ። ጓድ ኃይለየሱስ ሰብስቤን ወደ ጎን ጠርተው፣ የኳሷ ጠባይ አጠራጣሪ መሆኑን፣ ነገር ግን ትንሽ ስለሆነች በማስጠንቀቂያ እንደሚያልፏት ነገሩት።

እንግዲህ የዘመናይ ቴሌቪዥን ሊያሸንፍ ነው። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ዘመናይ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራለች፤ ያደረችው ግን በከንቱ አይደለም። ሊቀመንበሩ፣ «ውሳኔው ከመነበቡ በፊት ሂስና ግለ ሂስ ያለው?» ሲሉ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ግለ ሂስ አለኝ።»

«በጎ ልማድ ነው። ስለ ምን?»

«ስለ ቴሌቪዥኔ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ስለ ቴሌቪዥን ግለ ሂስ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ሊቀመንበሩ ግን ለአዲስ ነገር በራቸው ክፍት ነው፤ ይቀጥሉ አሏት።

ቀጠለች። የሚያስፈራን ነገር ሁሉ አስቀድሞ በማሰብ የዘመናይን ያህል ልምድ ያለው ሰው በአዳራሹ አልነበረም። መጀመሪያ ቀስ እያለች ቴሌቪዥኑ እንደሚሞቅ ተናገረች። ከዚያ ሞቆ ሞቆ አንድ ቀን ሊፈነዳ እንደሚችል ተናገረች። ሲፈነዳ መስተዋቱ እንደ ፈንጂ እንደሚበተን፣ እሳቱም በጋራ ግድግዳ አልፎ ሠፈሩን እንደሚያዳርስ፣ ከሠፈሩም አልፎ ወደ ነዳጅ ማደያው እንደሚሻገር አስረዳች። ዓይን ያደክማል፤ ራስ ያዞራል፤ እግሩ የላላ ስለሆነ ሕፃን ላይ ይወድቃል፤ በሩ ጣት ይቆርጣል፤ በዝናብ ቀን የነካውን ሰው ይይዛል። «ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከሰፊው ሕዝብ ደብቄ ኖሬያለሁ!» ስትል እንባዋ መጣ። እንባው የምር ነበር፤ ያለችውን ሁሉ እየተናገረች ሳለ ራሷም አመነችው።

ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴቶች አብረዋት አለቀሱ። ጋሽ መርዳሳ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «የኔም...» ብለው ጀመሩ፤ ነገር ግን ዘግይተዋል። ጓድ ኃይለየሱስ ጠረጴዛውን መቱ። «እንዲህ ያለ ቅን ግለ ሂስ በዚህ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም! ጓዲት ዘመናይ አርአያ ናት! ኮሚቴው የጓድ መርዳሳን ቴሌቪዥን መርጧል፤ ኳሷ ድንበር እንዳታቋርጥ ግን ጥበቃ ይመደባል።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ጋሽ መርዳሳ ሲወጡ ዘመናይን አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እትዬ ዘመናይ፣ እንዲህ የምትናገሪ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ ለኔም አንድ ጊዜ ተናገሪልኝ እል ነበር።»

ዘመናይ በዚያ ቀን እንደ ልጃገረድ እየፈጠነች ቤቷ ገባች። መዘውሩን ወደ ቦታው መለሰች። ልጆቿን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ሞቆ ሙዚቃ እንደ ጀመረ በሩ ተንኳኳ።

ቴሌግራም አልነበረም። ጓድ ኃይለየሱስ፣ ሰብስቤና ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከአንድ የእጅ ጋሪ ጋር ቆመዋል።

«ጓዲት ዘመናይ» አሉ ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ፣ «ንግግርዎ ልቤን ነክቶት ምሳ እንኳ አልበላሁም። ለሰፊው ሕዝብ ልጆች አደገኛ የሆነ ዕቃ ለእርስዎ ልጆች እንዴት ደግ ይሆናል? እንዲህ ያለ ነገር ጉያዎ ውስጥ አስቀምጠን ብንተኛ ታሪክ ይቅር አይለንም።»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ያን ያህል እንኳ...»

«ያን ያህል እንኳ ምን?»

«ማለቴ... አይፈነዳም።»

ጓድ ኃይለየሱስ በቀስታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ጠዋት ለሕዝብ የተናገሩት ውሸት ነው ማለትዎ ነው?»

ዘመናይ አፏን ከፈተች። ቴሌቪዥኑን አየች፤ አብዮት ጥበቃዎቹን አየች፤ ጢም ያበቀለ ልጇን አየች። አንድ ጊዜ እንኳ፣ የከፋውን ሁሉ ስታስብ በኖረችበት ዕድሜ፣ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«አይደለም» አለች። «እውነት ነው። ይፈነዳል።»

«አላልኩም?» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ ሰብስቤ ዞረው። «ግለ ሂስ የተደረገበት ሁሉ ተሐድሶ ይገባዋል። ይጫን!»

ተሐድሶው የት ይደረግ የሚለው ጉዳይ አላከራከረም። የቀበሌው መጋዘን በእህል ተሞልቷል፤ አዳራሹ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ያስፈራል። በመጨረሻ ጓድ ኃይለየሱስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አደጋውን በራሳቸው ሳሎን ለመሸከም ፈቀዱ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከነቤተሰባቸው ማታ ማታ ፊቱ ተቀምጠው፣ የሥርጭቱ መዝጊያ ዜማ እስኪያልቅ ድረስ ጠባዩን በንቃት ይከታተሉታል።

ዘመናይ ጥቂት ቀን ታገሠች። አንድ ማታ ግን ልጆቿ ቤት አልነበሩም። ጎረቤት ጠየቀች፤ የሉም። የጋሽ መርዳሳ ቴሌቪዥን ወዳለበት አዳራሽ ሮጠች፤ ኳሷን የሚጠብቀው ጥበቃ ብቻውን ተቀምጦ በቀኝ እጁ ከግራ እጁ ጋር እየተጫወተ ነው፤ እዚያም የሉም። ከባቡር ሐዲዱ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን ሁሉ በልቧ አዳርሳ፣ ለቅሶዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የመጨረሻ ተስፋዋ የሆነውን የሊቀመንበሩን በር አንኳኳች።

ሦስቱም እዚያ ነበሩ፤ ከሊቀመንበሩ ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። ሥዕሉ እንደ ጠዋት ውኃ የጠራ ነው።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ» አለች ትንሿ ኢፍቱ ዓይኗን ሳታነሣ። «ድራማው ሊጀምር ነው።»

ዘመናይ ከልጆቿ ኋላ ቁጭ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና በትሕትና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ተሐድሶው መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች።

«ገና ነው» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ ሶፋቸው ላይ እንደ ተጋደሙ። «ለውጥ አለ፤ ግን አይቸኩሉ። ደግሞ እባክዎን ልጆችዎን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልኝ፤ ቢፈነዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ዘመናይም እውነታቸውን ነው ብላ ልጆቿን ወደ ኋላ ሳበቻቸው።