ለባለቤቴ ተራ የተካሄደው ዘመቻ

በአገራችን መሥሪያ ቤት «አስቸኳይ» ያልሆነ ጉዳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ደብዳቤው አስቸኳይ፣ ስብሰባው አስቸኳይ፣ የሻይ ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉም አስቸኳይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን የምትለቅመውም እየቸኮለች ነው።

ይህን የምለው የቸኳዮች ወረፋ ጠባቂ ስለሆንኩ ነው። ጂንካ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ተጣምረው እንደ አንድ የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ክላስተር እንላቸዋለን። ተመራማሪው ሁሉ ስሌቱን ልኮ ተራ ይይዛል፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለውን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ሁለት ወረፋ ነበረን፤ አስቸኳይና መደበኛ። መደበኛው ላይ ባለቤቴ አስፋው ብቻውን ቀርቶ ነበር።

አስፋው ዝናብ አጥኚ ነበር። ሲያካፋ ከቢሮ ወጥቶ መዳፉን ይዘረጋል፤ እንግዳ ሰው ሳንቲም የሚለምን ይመስለው ነበር። ትዳራችንን ሙሉ በአንድ ነገር ተከራክረናል። እሱ «የበልግ ዝናብ ዘግይቶ መግባት ጀምሯል» ይላል፤ እኔ እዚሁ ጂንካ አጠገብ ያለችው የገዘር ገበሬ ልጅ ደግሞ «ዝናቡ ያው ነው፣ የቸኮለው ሰው ነው» እላለሁ። በመጨረሻ «በቃ፣ ስሌቱ ይዳኘን» ብሎ የደቡብ ኦሞን የዝናብ መረጃ ሰብስቦ ወረፋ አስገባው። ተራው ሳይደርስ ሞተ።

ደንባችን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የተለየ ሰው ክላስተሩ ላይ ያለው ስሙ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ተራ የሚጠብቅ ሥራውም አብሮ ይሰረዛል ይላል። ማን አወጣው? እኔው!

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ ጠጋ ብሎ «እትዬ ዘነበች፣ ያቺ የኔ ሥራ ግን እስካሁን አልጀመረችም እንዴ?» ይለኛል። የክፍላችን ኃላፊ መርዕድማ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ የራሱን ስሌት ጉዳይ አነሳልኝ። እንባው የእውነት ነበር፤ ስሌቱም የእውነት ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው ነን።

ሥራ ስመለስ «ቁልፉ በእጅሽ አይደል? የባልሽን ጎትተሽ ፊት አታደርጊውም?» ያሉኝ ነበሩ። አስፋው ዳቦ ቤት እንኳ ሰው ቀድሞ አያውቅም፤ ሞቶ በሚስቱ ክንድ ይቅደም? በእኔ ስም እንዳላስገባው ደግሞ እስካሁን የጠበቀው ሁሉ ቀርቶ እንደገና ከጭራ መጀመር ነው። ስለዚህ በሕግ ማሸነፍ ነበረብኝ።

ነገሩን ለመረዳት የጂንካ መናኸሪያ ይበቃል። የሠርግ አጃቢዎች ገዘር ሊሄዱ ቆመዋል እንበል፤ አብረን ካልሆነ አንሳፈርም ብለዋል። አንድ ወንበር ባዶ በሆነ ቁጥር አንድ ችኩል ዘው ካለ፣ እነሱ መቼ ይሄዳሉ? የአስፋው ስሌት እንደዚያ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ በተለቀቀ ቁጥር ግን አንድ አስቸኳይ ዘሎ ይቀመጥበታል።

ስለዚህ አዲስ ደንብ አረቀቅሁ። አስቸኳይ ነኝ ያለ በአንድ ሰዓት ይጨርስ፤ ካልጨረሰ ይወርዳል። ብዙ የጠበቀ ካለ ደግሞ የተለቀቀው ሁሉ ለእሱ ይያዝለታል። በስብሰባ ሳቀርበው ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ለምን አትሉም? እያንዳንዱ ደንቡ ለጎረቤቱ የወጣ መስሎት!

በማግስቱ መርዕድ በሩን በርግዶ ገባ። «ሥራዬን ማነው የገደለው?» አለ። «ሰዓቱ» አልኩት። «አስቸኳይ ነው ብዬሽ አልነበር?» ቢለኝ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅሁት። «አራት ቀን» አለ። «ወንድሜ፣ አራት ቀን የሚፈጅ አስቸኳይ በየት አገር አይተሃል?» ስለው በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ወዲያው አስቸኳዩ ወረፋ ምድረ በዳ ሆነ። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ እየተለቀቁ ለአስፋው ተያዙ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከስሙ ጎን «እየጠበቀ» የሚለው «እየሠራ» ወደሚለው ዞረ። መብራት እንዳይጠፋ የተሳልኩትን ስለት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አለቀ። ዝናቡ ዘግይቷል። አስፋው ልክ ነበር።

አስቡት እንግዲህ! ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጋር ታግዬ፣ ደንብ አስለውጬ ያስፈጸምኩት የራሴን ሽንፈት ነው። ጥቁሬን እንደለበስኩ እልልታዬን አቀለጥኩት። መርዕድ አበደች ብሎ እየሮጠ መጣ። «ባለቤቴ ረታኝ!» አልኩት። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን እያየ «ታዲያ ተረትተሽ ነው እልል የምትይው?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ሰውዬው አላገባም።