ዱቄቱ ለማን ደረሰ?

[ትንሽ ፀጉር ቤት። ከመስተዋቱ ፊት ባለው ወንበር ላይ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሰው ተቀምጧል፤ ኮቱ ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለምና። ምላጭ ይዞ አጠገቡ የቆመው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር ቆራጩ ነው። የቀኝ እጁ አንጓ ዓመት ሙሉ ሲጠዘጥዘው ከርሞ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚጠና አዲስ ክኒን መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ገና ሰሞኑን ነው የረጋለት። የቤቱ ባለቤት «እጅህ ዳግመኛ ሲንቀጠቀጥ ባይ ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ» ብላዋለች። ሬዲዮም አልዞር ላለ አንገቱ እዚያው ጥናት ላይ ተመዝግቧል።]

ሬዲዮ፦ ይመራል ወይስ አይመርም?

ቆራጩ፦ ጋሼ፣ አገጭህን አታንቀሳቅስ።

ሬዲዮ፦ መልስልኝ እንጂ! ክኒንህ ይመራል?

ቆራጩ፦ እኔ ምን አውቄ? በውሃ ነው ግልብጥ የማደርገው።

ሬዲዮ፦ አየህ! መድኃኒት ከሆነ መምረር አለበት። የኔ እሬት ነው፣ እሬት! ያንተ ዱቄት ነው።

ቆራጩ፦ የምን ዱቄት?

ሬዲዮ፦ ስትመዘገብ አልነገሩህም? ለግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ለግማሹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ክኒን ነው የሚሰጡት። በሽተኛው የትኛው እንደደረሰው አያውቅም።

ቆራጩ፦ ሐኪሙ ግን ያውቃል።

ሬዲዮ፦ አያውቅም።

ቆራጩ፦ ነርሷስ?

ሬዲዮ፦ እሷም አታውቅም። ባያውቁ ነው ሳይንስ የሚባለው!

ቆራጩ፦ እኔም እኮ አላውቅም። ሳይንቲስት ነኛ!

ሬዲዮ፦ ያንተ አለማወቅ የተፈጥሮ ነው፤ የነሱ ተጠንቶ የመጣ ነው።

ቆራጩ፦ [ምላጩን በፎጣ እየጠረገ] ለመሆኑ ይሄ ክኒን ሥራው ምንድነው? ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አንድም ነገር አልገባኝም።

ሬዲዮ፦ ስማ። ሰውነታችን ውስጥ ኢንዶካናቢኖይድ የሚባል ሥርዓት አለ።

ቆራጩ፦ ማን የሚባል?

ሬዲዮ፦ ስሙን ተወው፣ አንተ ጋ አያድርም። ባጭሩ ሰውነትህ የሐሺሽ የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር ራሱ እያመረተ ሕመምህን ያስታግሳል።

ቆራጩ፦ [ደንግጦ ወደ በሩ እያየ] ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል! እኔ? ሐሺሽ? ሲጋራ እንኳ ባፌ ዞሮ አያውቅም!

ሬዲዮ፦ ሁሉም ሰው ያመርታል።

ቆራጩ፦ እህቴም?

ሬዲዮ፦ እህትህም።

ቆራጩ፦ እናቴስ?

ሬዲዮ፦ እናትህማ ሌት ተቀን!

ቆራጩ፦ ጋሼ! ምላጭ ይዣለሁ! ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት!

ሬዲዮ፦ ጤነኛ ናት ማለቴ ነው እኮ! ችግሩ ምን መሰለህ፤ ማስታገሻው ገና ብቅ ከማለቱ ጠርጎ የሚያጠፋው ጠራጊ አለ። መድኃኒቱ ያንን ጠራጊ አንቆ ይይዘዋል። ማስታገሻው ይጠራቀማል፣ ሕመሙ ዝም ይላል።

ቆራጩ፦ ምስኪን።

ሬዲዮ፦ ማን?

ቆራጩ፦ ጠራጊው። ሥራውን በሠራ ይታነቃል?

ሬዲዮ፦ አትዘንለት! ያንተን እንደሆነ ማንም አልነካብህም፤ ዱቄት ነው የምትውጠው።

ቆራጩ፦ እጄ ግን ተሽሎታል።

ሬዲዮ፦ የኔም አንገት ተሽሎታል። [ግራና ቀኝ ሲያዞረው ምላጩ ለጥቂት ጆሮውን ይስታል] በል ሒሳቡን ራስህ ሥራው። ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ ዱቄት። እኛ ስንት ነን?

ቆራጩ፦ ሁለት።

ሬዲዮ፦ የሁለት ግማሽ?

ቆራጩ፦ አንድ።

ሬዲዮ፦ መድኃኒቱ የደረሰው ለኔ ነው። ማን ቀረ?

ቆራጩ፦ [ብዙ አስቦ] ...እኔ።

ሬዲዮ፦ ጎሽ!

ቆራጩ፦ ታዲያ እጄ በምን ረጋ?

ሬዲዮ፦ ተታሎ ነዋ!

ቆራጩ፦ ኧረ... ኧረ ጋሼ... ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

[ምላጩ በሬዲዮ ጉሮሮ ላይ ይርገፈገፋል።]

ሬዲዮ፦ አንሳው።

ቆራጩ፦ በምን እጄ? ጣቶቼ አልፈታ አሉ! ወይኔ ወንበሬ! ሴትየዋ ዛሬውኑ ልታባርረኝ ነው። ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?

ሬዲዮ፦ ስለ ልጆችህ ብለህ አትንቀሳቀስ! ስማኝማ፣ ያንተም... መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ቆራጩ፦ እንዴት ተደርጎ? የሁለት ግማሽ አንድ ነው ብለሃል!

ሬዲዮ፦ እሺ፣ አንዱ አንተ ነህ! መድኃኒቱ ያንተ ነው!

ቆራጩ፦ አይመርማ!

ሬዲዮ፦ የሚመር መድኃኒት ድሮ ቀረ! የዛሬው ጣዕም የለውም!

ቆራጩ፦ እውነትህን ነው?

ሬዲዮ፦ በእህትህ ሞት!

ቆራጩ፦ ጠራጊውስ ታንቋል?

ሬዲዮ፦ ታንቋል! ተቀብሯል! ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኗል!

ቆራጩ፦ [እጁ ቀጥ ብሎ] እሰይ! ረጋ! ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? [ግራ ጉንጩን ሙልጭ አድርጎ ይላጨዋል] በል አሁን ዙርልኝ፣ ቀኙ ይቀረናል።

[ሬዲዮ አይዞርም።]

ቆራጩ፦ ዙር እንጂ።

ሬዲዮ፦ ቆይ። ያንተ መድኃኒት ከሆነ... የኔ...

ቆራጩ፦ [በኀዘን] ዱቄት።

ሬዲዮ፦ ወይኔ አንገቴ! እንደ ዛገ ማጠፊያ ያዘኝ!

ቆራጩ፦ አይዞህ፣ የኔ ደህና ነው።

ሬዲዮ፦ ያንተ ደህና መሆኑ እኮ ነው የገደለኝ! በግማሽ ጢም እንዴት ሰው ፊት እወጣለሁ?

ቆራጩ፦ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘህ ሂድ፤ ሰው በግራህ ብቻ ያይሃል።

ሬዲዮ፦ ስመለስስ? ካንተ ክኒን አንዷን ስጠኝ!

ቆራጩ፦ ለሰው አትስጥ ተብያለሁ እኮ።

ሬዲዮ፦ እኔ ሰው ነኝ? ዘመድህ ነኝ! [ከሕመሙ ብዛት ዓይኑን ይጨፍናል።]

[ቆራጩ ያመነታል። ከወንበሩ ጀርባ ሄዶ ጥቂት ያንኮሻኩሻል። አንዲት ነጭ ክኒን አምጥቶ ያጎርሰዋል፣ ውሃ ያስከትልለታል።]

ሬዲዮ፦ እ... እ... [አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ይዞራል] ኦሆሆ! መድኃኒት ማለት ይሄ ነው! ጠራጊዬ ሲንፈራገጥ ተሰማኝ! እስከ ዛሬ ለካ ዱቄት ስቅም ነው የኖርኩት! እኔ እኮ አንዴ ከቀመስኩ አልሳሳትም፤ የሰማይና የምድር ያህል ነው ልዩነታቸው።

ቆራጩ፦ [ቀኝ ጉንጩን በረጋ እጅ ላጭቶ እየጨረሰ] እንኳን ማረህ።

ሬዲዮ፦ ነገም አንድ ትሰጠኛለህ።

ቆራጩ፦ ነገማ ራስህ አውጥተህ ዋጥ።

ሬዲዮ፦ ከየት?

ቆራጩ፦ ከኮትህ ኪስ። አሁንም ያወጣሁልህ ከዚያው ነው። የኔን ለማንም እንዳልሰጥ ለሐኪሙ ቃል ገብቼ የለ?

[ሬዲዮ አንገቱን በሁለት እጁ ይይዛል።]

ሬዲዮ፦ ታዲያ አሁን... ልዳን ወይስ ልታመም?

ቆራጩ፦ [ፎጣውን እያራገፈ] እሱን ውጭ ሆነህ ወስን ጋሼ፤ ወንበሩ ተፈልጓል።