የጋሽ ይመር ሦስት ውርወራ

ሰውን ማክበር ጥሩ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ አክብሮት ቁጥር ውስጥ ሲገባ ነው። በእኛ በሐይቅ ከተማ ትልቅ ሰው ሲሳሳት «ተሳሳቱ» አይባልም፤ ሽማግሌ ተደናቅፈው ቢወድቁ የሚረገመው ድንጋዩ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ ስሜን ለመናገር እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ ስለሆንኩ ይህ ልማድ ተስማምቶኝ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስቀመጥ ጥያቄ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መውጫው በየት በኩል እንደሆነ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ይህን የተረተው ሰው ግን ዲስክ ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም።

ጨዋታውን ያመጣችው ጎረቤቴ ዘሀራ ናት። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ ወርቅና ብርድ ልብስ ሲጠብቅ፣ ከሻንጣዋ ዝርግ የፕላስቲክ ሳህኖች ወጡ። እናቷ የባልዲ ክዳን መስሏቸው ባልዲዎቹን ፈለጉ። ለካ የምትሠራበት ቤት ልጆች መናፈሻ ውስጥ እነዚህን ሲወረውሩ እየሮጠች የምታመጣላቸው እሷ ኖራለች። ስድስት ዓመት ለሰው ያመጣ ሰው አንድ ቀን ራሱ መወርወር ቢያምረው ምን ይገርማል?

ነገሩ ቀላል ነው። ሳህኑን እያሽከረከራችሁ ትወረውራላችሁ፤ ከወደቀበት አንስታችሁ እንደገና ትወረውራላችሁ፤ ዛፍ ላይ የታሰረ ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ወደ ሐይቁ በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ በዋንዛውና በባሕር ዛፉ መካከል፣ ዘጠኝ ቅርጫት አሰርን። ከመጣች ጀምሮ ከቤት አልወጣም ብላ የከረመችው ዘሀራ ጮኻ ስትስቅ የሰማኋት እዚያ ነው።

ጫካው ግን ባለቤት አለው። ዛፎቹን በእጃቸው የተከሉት ጋሽ ይመር አንድ ከሰዓት በኋላ ከነበትራቸው መጡ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» አሉ። «ሞቻለሁ እንዴ፣ ዛፌ ላይ ሳልጠየቅ ቅርጫት የሚንጠለጠለው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ» አለች ዘሀራ። «ግን ወላሂ፣ ይሄን ከከለከሉኝ ፓስፖርቴን አሳድሼ እመለሳለሁ። እዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

ቀልድ አልነበረም። እሳቸውም ገብቷቸው መሰለኝ በትራቸውን ዛፍ ላይ አስደገፉ። «እስቲ ልሞክረው። ያላወቅሁትን አልፈቅድም፣ አልከለክልም።»

እንግዳ ይቅደም ብለን አስቀደምናቸው። የመጀመሪያው ውርወራ እሾህ ውስጥ ገባ። «ንፋሱ ነው ጋሼ!» አለች ዘሀራ። ሁለተኛው ወንዙን ተሻገረ። «ሳህኑ ነው፣ ይከዳል!» ሦስተኛው ከኋላቸው ወደቀ፤ ለዚህ እንኳ ጥፋተኛ አጣን። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። አንዷን ቅርጫት ለማግኘት ዐሥራ ሰባት ጊዜ ወረወሩ። ደብተሬ ላይ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። እናንተስ ብትሆኑ? የሽማግሌ ስም ጎን ዐሥራ ሰባት ብሎ መጻፍ ዐይን እያየ መሳደብ አይደለም?

ዘሀራ በአምስት፣ እኔ በዘጠኝ ጨረስን።

«አንብቢው» አሉኝ።

«ጋሽ ይመር ሦስት፣ ዘሀራ አምስት፣ እኔ ዘጠኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ወገቤ እስኪቆረጥ ስወረውር ውዬ፣ በገዛ ጫካዬ፣ ትንሿ ለእኔ? በሉ ቅርጫታችሁን ፍቱልኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አሸናፊው እኮ ትንሽ ያለው ነው!» አለች ዘሀራ።

«ትንሽ የደረሰው ሰው ሲያሸንፍ የት አገር አየሽ? በሽማግሌ አታላግጪ!»

ዘሀራ ተንጠራርታ የቅርጫቱን ገመድ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ሲላላ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረግሁት እኔ መሆኔን እስካሁን እጠራጠራለሁ።

«ዋሽቼ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። «ዐሥራ ሰባት ነው!»

«ስንት?»

«ዐሥራ ሰባት። እሾሁም፣ ወንዙም፣ ወደ ኋላ የሄደውም ተቆጥሮ።»

ጋሽ ይመር ጥቂት አሰቡ። «ከእናንተ ማንም አልደረሰበትም?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንቺ ባለ ደብተር፣ የለፋሁበትን ለምን ትደብቂብኛለሽ?» አሉና እሾህ የቧጨረውን ክንዳቸውን አሻሽተው ሳህኑን ተቀበሉን። «በሉ፣ ሁለተኛው ቅርጫት የት ነው?»

ዘሀራ አልሄደችም። ትክክለኛውን ሕግ ሁለት ጊዜ ልናስረዳቸው ሞክረን ትተነዋል፤ በእኛ ወንዝ ዳር ብዙ የወረወረ ያሸንፋል። እንዲያውም ከውጫሌ ድረስ በሚኒባስ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይጀምሩና ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ አራተኛው ቅርጫት ላይ ናቸው፤ ጨዋታውም ወሬውም አያልቅም። የምታሳዝነው ዘሀራ ናት። ሳህኑ እጇን ስለለመደ በሁለት ውርወራ እየገባባት ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣለች።

ጋሽ ይመር ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። «አብሽሪ ልጄ» ይሏታል፣ «ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ።»