ዓምደሚካኤል እና ማለቂያ ያጣው ቅድመ ምዕራፍ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይጀምር ሰው አለ። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ሰነፍማ ቢሆን በተገላገሉት! ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ በኋላ ይወጣል፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ብቻ አይጀምርም። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ "እሳቱ የሚመለከተው እነማንን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ "ጠፋ የምንለው ምን ሲሆን ነው?" ይላል። ውሃ የሚያመጣው ሰው ሥልጣን ላይ ውይይት ሲከፈት ጣሪያው ወርዷል።

ለጅማ የደረሷት ክቡር መምህር ዓምደሚካኤል ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምረው ጡረታ ሲወጡ አማካሪ ሆኑ። ሙያቸው ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ይባላል። ሲፈታ፣ አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት ሥራው፣ ሰዉና መረጃው እንዴት እንደሚገጣጠም መንደፍ ነው። ንድፉ ብዙ ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ቅድመ ምዕራፍና የራዕይ ምዕራፍ የሚባሉት፣ የሚጠየቅባቸው እንጂ ምንም የማይሠራባቸው ናቸው። መምህር ከእነዚህ ከሁለቱ ወዲያ ሲሻገሩ ያየ ሰው ደግሞ ጅማ ውስጥ የለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ መንበረ የዶሮ ቤት ይሠራልኝ ቢሏቸው፣ የዶሮዎቹን ፍላጎት፣ የድመቷን ፍላጎትና የጎረቤቱን ቅሬታ ለይተው እስኪጽፉ ሦስት ዓመት አለፈ። ዶሮዎቹም ተስፋ ቆርጠው ማንጎው ላይ ማደር ለመዱ። "አየሽ፣" አሉ መምህር ደስ ብሏቸው፣ "ቤት አያስፈልጋቸውም ነበር።"

ሳቢሃን እንቅልፍ የነሳት ግን የዶሮ ነገር አይደለም። ሳቢሃ በጅማ ሄርማታ ሰፈር ባለው የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናት። የውጭ አገር ገዢያቸው፣ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደተለቀመ የሚታወቅበትን አሠራር ቦርዱ አጽድቆ እንዲልክለት ጽፏል፤ ካልተላከ የዘንድሮውን ቡና ከሌላ ይገዛል። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። መምህርን "ከእሳቸው የተሻለ የለም፣ ዋስ እኔ!" ብላ ያስቀጠረችው ደግሞ ራሷ ሳቢሃ ናት። የቦርዱ ሰብሳቢ ሀጂ ጀማለዲን ጠርተው አስጠንቅቀዋታል።

"ሐሙስ ሳይወሰን ቢቀር መምህርሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው። ወላሂ፣ አልተነገረኝም እንዳትዪ።"

እንግዲህ መምህር እስከዚያ ሐሙስ ሦስት ሳምንት ነበራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት "በዚህ ዩኒየን ውስጥ እምቢ ማለት የሚችለው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ "እኔ" አለ፤ ቦርዱ "እኛ" አለ። አንድ ሳምንት ሲጠየቅ ከርሞ እውነተኛው ባለሥልጣን መጋዘን ጠባቂው ቲጃኒ ሆኖ ተገኘ፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነዋ! መምህር ስሙን በትልቁ ጻፉት። ቲጃኒም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራባት ማሰር ጀመረ።

ሁለተኛው ሳምንት የመርሆዎች ነበር። "አንድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ" የሚለው መርህ ጸደቀና ግድግዳው ላይ በሁለት ቦታ ተለጠፈ። ሳቢሃ ባለፈች ባገደመች ቁጥር "መምህር፣ የት ደረስን?" ትላለች። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው "አንቸኩል፣ ሳቢሃ፤ ገና አልጀመርንም" ይሏታል። እናንተዬ፣ ሰው በዚህ ዓይነት መልስ ራሱን ሳይስት እንዴት ይኖራል?

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሀምዳን ከአዲስ አበባ መጣ። ሀምዳን ያለቀለት ሲስተም የሚሸጥ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጫማው የሚብስ ወጣት ነው። "ዝርዝሩን ስጡኝ፣ ሐሙስ እንፈራረም፣ ሰኞ ይሠራል!" አለ። ሳቢሃ ሁለት ወር ሙሉ ከየቡና ማጠቢያው መዝገብ የገለበጠችውን የገበሬዎች ዝርዝር ሰጠችው። ስሙ፣ የማሳው ስፋት፣ ያስገባው ቡና፣ ሁሉም ሀጂ ፊት በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ሀጂ ጀማለዲን "ማሻአላህ! ሥራ ማለት ይሄ ነው" አሉ።

"ደግሞ ብልጥ ነው፣" አለ ሀምዳን። "ሩብ ሄክታር ያለው ሰው የሁለት ሄክታር ቡና ቢያመጣ፣ ከሌላ ቦታ ያመጣው ነው ብሎ ስሙን ይዘጋዋል። ከተዘጋ ቡናውን ማንም አይቀበለውም። ልመና የለ፣ ዘመድ የለ!"

ይሄኔ መምህር እጃቸውን አወጡ። "ይህን ዝርዝር ከገበሬው ማን አይቶታል? ነገ ሸቤ ያለው ማጠቢያ ደርሼ ልምጣ።"

ሀጂ ሳቢሃን አዩዋት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ረቡዕ ጠዋት አብራቸው ሸቤ ሄደች፤ ለመጣላት ነው የሄደችው። ሚኒባሱ ከጅማ መርካቶ ገና ሳይወጣ ፈነዳች። "መምህር፣ እርስዎ ጡረታዎ አለ። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነገ ከሥራ ስባረር ለልጆቼ ቅድመ ምዕራፍ ላብላቸው?"

"እኔም እኮ እፈራለሁ፣" አሉ መምህር። "የምጠይቀው ስለምፈራ ነው።" ሳቢሃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በንዴትም በእፍረትም እንባዋ መጥቶ ነበር።

ሸቤ ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ቱሉ የሚባል ገበሬ በሁለት አህያ ቀይ እሸት ቡና ጭኖ ደረሰ። ሳቢሃ ስሙን ታውቀዋለች፤ በዝርዝሯ ውስጥ ብዙ ካስገቡት አንዱ ነው።

"አቶ ቱሉ፣ ማሳዎ ስንት ነው?" አሉ መምህር።

"ሩብ ሄክታር ነች። እሷም ከሞላች።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ቡና?"

ቱሉ ከት ብሎ ሳቀ። "ኤዬ! የኔ ቢሆንማ በአህያ እመጣ ነበር? ይሄኛው የወንድሜ ነው። ያ የአብዱልሃዲ ነው፤ ታሞ ተኝቷል። ከታች ያለው የዘይቡ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚህ ወርዳ አታውቅም። ዳገቱ አይቻልማ! በኛ ሰፈር አህያ ያለን ሦስት ሰዎች ነን። ዳዶ ነው፤ እኛ ቡናቸውን እንጭናለን፣ እነሱ ማሳችንን ያርማሉ።"

"መዝገቡ ላይ ግን የእርስዎ ስም ብቻ ነው ያለው።"

"አህያውን የነዳው ነዋ የሚጻፈው! ማን ይጻፍ ታዲያ?"

ሳቢሃ የሸቤ ልጅ ናት። ሰፈርተኛው ቡናውን አንድ ላይ እንደሚጭን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ታውቃለች። ቢሮ ገብታ መዝገብ ስትገለብጥ ግን የተጻፈው ስም የቡናው ባለቤት ነው ብላ ተቀብላ፣ ያንን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰችም። ነገ ከተፈረመ ሰኞ ሲስተሙ ቱሉን ይዘጋዋል። ቀይ እሸት ቡና ደግሞ ካደረ ይበላሻል። የዘይቡ ዓመት በአንድ ቀን ሊበሰብስ ነው፤ ያውም በሳቢሃ እጅ ጽሑፍ።

ሲመለሱ "ነገ ለቦርዱ እርስዎ ይንገሯቸው" አለች።

"እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱንም በኔ አድርጊው፣" አሉ መምህር። "እኔን እንደሆነ ጅማ ለምዶኛል። በአንድ ነገር ብታማ ምን ይጨመርብኛል?"

ይህን ሲሉ ትንሽ እንኳ አላንገራገሩም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኙም የቦርድ አባላት ተቀመጡ። የሀምዳን ውል ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሀጂ ጀማለዲን እስክሪብቷቸውን ከፍተዋል። መምህር ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሳቢሃ ቀድማቸው ብድግ አለች።

"ሀጂ፣ አይፈርሙ። ዝርዝሩ የተሳሳተ ነው። የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ እንጂ መምህር አይደሉም።" የአህያውን፣ የዳዶውንና የቱሉን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው።

ሀምዳን "ቀስ በቀስ ይስተካከላል" ሊል ጀመረ፤ ሀጂ በእጃቸው አስቆሙት።

"ስንት ሰው ነው የጎደለው?"

"አላውቅም።"

"አታውቂም?"

"አላውቅም፣ ሀጂ። ጠይቄ አላውቅም።"

ሀጂ ጀማለዲን እስክሪብቶውን ዘጉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ። ማንንም ሳያዩ፣ "በኔ ስም ከሚገባው ቡና ውስጥ የእህቴ አለበት" አሉ።

አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ሳል ሳል አሉ። "የኔም ውስጥ የአማቴ አለ።" ሦስተኛው ቀጠለ፣ አራተኛው ቀጠለ። ከዘጠኙ የሰባቱ ስም ሌላ ሰው ተሸክሞ ተገኘ። ሳቢሃ ራሷን መቆጣጠር አልቻለችም። "ታዲያ ዝርዝሩን ሳስነብባችሁ ምነው ዝም አላችሁ?"

"ልጄ፣" አሉ ሀጂ፣ "ያኔ የጠየቅሽን ስማችን በትክክል ተጽፎ እንደሆነ ነው። ቡናው የማን ነው ብሎ የጠየቀን የለም።"

መምህር ያን ጊዜ አንዲት ገጽ ወረቀት አወጡ። ዛሬ ቡናው እንዴት እንደሚመጣ፣ ነገ እንዴት መታወቅ እንዳለበት፣ መጀመሪያ እነማን መመዝገብ እንዳለባቸው በቀላል አማርኛ ተጽፎባታል። ገዢው የጠየቀው የጸደቀ አሠራር ነው፤ ኮምፒውተር ግዙ አላለም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበቡት ለካ እሳቸው ብቻ ነበሩ! ወረቀቷ ያን ቀን ጸድቃ ተላከች። ዓርብ መልስ መጣ፤ ገዢው ተቀብሏል፣ በጥር መጥቶ ያያል። ሀምዳን በአንድ ጭነት ውስጥ ብዙ ባለቤት የሚመዘግብ ሲስተም ሠርቶ እንዲመለስ ተነገረው። እያጉረመረመ ሄደ።

ቅዳሜ ሳቢሃና መምህር ሸቤ ወጥተው ከቱሉ ሰፈር ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘረጉ። መዝገብ ላይ የሌለ ሁሉ ይምጣ ተብሎ ሰልፉ የቱሉን አጥር አልፏል። ስድስተኛዋ ዘይቡ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሴት።

"ቡናው በማን ስም ይጻፍ፣ እናቴ?" አሉ መምህር።

"በቱሉ ነዋ።"

"ማሳው የቱሉ ነው?"

"የባሌ ነው። አላህ ይማረውና።"

"አሁንስ የሚለቅመው ማን ነው?"

ዘይቡ ግራ ገባት። ወደ ቱሉ ዞረች፤ ቱሉ አቀርቅሯል። መምህር እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና መጠበቅ ጀመሩ። አላቻኮሏትም፤ አልረዷትምም። ሰልፈኛው ፀሐይ ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱ አጉተመተመ፣ ከዚያ ሦስቱ። ከኋላ "ኧረ ማሎ! እዚሁ ልናድር ነው እንዴ? ምን ዓይነት ሰውዬ ነው!" የሚል ድምፅ መጣ።

ሳቢሃ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ተነሳች።

"ዝም በሉ!" ብላ ጮኸችባቸው። "መምህሩ እየጠየቁ ነው!"